የፍሥሐ ግማሽ በርሜል

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 13። ከቀኑ 10፡30

ዛሬም ድንቹ አረረ። ከላይ ጥቁር፣ ከውስጥ ጥሬ። እሳቱ አይታዘዘኝም።

ደብተሬ፣ ሁዳዴን ሙሉ ስለ ድንች ሳሰለችሽ ከረምኩ። ይብቃን። ፋሲካ አልፏል፣ ሥጋ ቤቶች ተከፍተዋል። ከነገ ጀምሮ በሥጋ ነው። ለምን እንደምለማመድ ግን እስካሁን አልጻፍኩልሽም። ፈርቼ ነው። ጽፈውት ካልሆነ ያሳፍራል።

እሑድ፣ የፋሲካ ለት፣ እማዬ ዶሮውን ራሷ ሠራች። ለአባዬ ፈረሰኛ፣ ለእኔ እግር። ለራሷ ዳቦና አይብ። ለምን አትበይም አልኳት። ስሠራው ሽታው አጠገበኝ አለች። ፍሥሐ ከሞተ አሥራ አንድ ወር ሊሞላው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሥጋ በአፏ አልዞረም። ስእለት አይደለም፤ ለማንም አልተናገረችም። ብቻ ትሪው ላይ በሷ በኩል ያለው ሥጋ ዞሮ ዞሮ በእኔ በኩል ይገኛል። ወንድሜ ሞተ፣ እኔ ወፈርኩ። የት/ቤት ሱሪዬ አልቆለፍ ብሏል። ይሄ ለማን ይነገራል?

ፍሥሐ ታላቄ ነው። ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ። አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጭነት ክፍል። አንቺንም ያመጣሽ እሱ ነው፤ ሊጣል የተቀመጠ የጭነት መዝገብ ነበርሽ። በየገጽሽ አራት ዓምድ፦ ዕቃው፣ ክብደቱ፣ ከየት፣ ወዴት። እኔ በላያቸው እጽፋለሁ።

በየዓመቱ ግንቦት ልደታ የበግ ጎድን ይጠብስ ነበር። በእኛ ሰፈር ልደታ ደጅ ነው የሚከበረው። ደጅ ይበስላል፣ ደጅ ይበላል፣ የተረፈው ወደ ቤት አይገባም። ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ። ፍሥሐ ግማሽ በርሜሉን እየጎተተ ያወጣል። ለሁለት የተሰነጠቀ የናፍጣ በርሜል ነው፣ አራት የብረት እግር የተበየደለት። ራሴ ሠራሁት እያለ ይኩራራበታል። መጀመሪያ የወጣውን ጎድን ወስዶ እማዬን በእጁ ያጎርሳታል። እሷ ታኝክና ጨው በዛበት ትላለች። በየዓመቱ። ከዚያ ሦስት ትበላለች።

አምናም እንደዚሁ ሆነ። በሁለት ሳምንቱ ሞተ። ጉበቱ ነው አሉ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሆስፒታል ገባ፣ አለቀ።

ልደታ አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶታል። እኔ እጠብሳለሁ። እማዬ አንድ ጎድን ትበላለች። አንድ ብቻ። ጻፍኩት።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 14። ከምሽቱ 12

በረቡዕ ሥጋ! ሃምሳው ደስ ይላል፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፣ ጾም የሚባል የለም።

ከት/ቤታችን አጠገብ ካለው ሥጋ ቤት ገዛሁ። ጎድን ስጠኝ አልኩት፣ ሰጠኝ። በርሜሉን ከጓሮ አወጣሁ። ውስጡ የአምና አመድ አለ። የፍሥሐ አመድ። በጋዜጣ ጠቅልዬ ከአጥሩ ሥር አስቀመጥኩት። ልጥለው አልቻልኩም።

ከሰሉ እንደተያያዘ ሥጋውን ጣልኩበት። ጮማው ቀለጠ፣ ነበልባሉ ሽቅብ ወጣ፣ ቅንድቤን ላሰኝ። ጎድኑ ጫማ ሆነ።

አባዬ ከሥራ ገባ። ክራቫቱን ሳይፈታ አንዱን አነሣ። አኘከ። አኘከ። ሬዲዮው ዜናውን ጨረሰ፣ አባዬ አልጨረሰም። በመጨረሻ ጥሩ ነው አለኝ፣ ጥርስ ያጠነክራል። ሁለተኛውን ጠየቀ! የዚህ ሰውዬ ደግነት አንድ ቀን ይገድለዋል።

እማዬ ከክፍሏ አልወጣችም።


ዓርብ፣ ሚያዝያ 16። ከቀኑ 11

ከት/ቤት እንደወጣሁ በገርጂ ሜዳ አቋርጬ ጉርድ ሾላ። በእግሬ። ጋሽ ወልዱ ጋ።

ጋሽ ወልዱ የፍሥሐ ሥጋ ሻጭ ናቸው። ከቀብሩ በኋላ በደጃቸው አልፌ አላውቅም፤ አውቶቡስ ላይ ስሆን እንኳ ፊቴን አዞራለሁ። ዛሬ ደጁ ላይ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በአራተኛው ከውስጥ ጮኹብኝ።

“አንተ! ትገባለህ ወይስ ደጄን በእግርህ ትለካዋለህ?”

ገባሁ። አዩኝ። ቢላዋው ከእጃቸው ወረደ። ሽርጣቸውን አንሥተው ፊታቸውን ጠረጉ፣ ሽርጡ ደም ነበረው፣ ጉንጫቸው ቀላ። ሳላስበው ሳቅኩ። እሳቸውም መስታወቱን አይተው ሳቁ። እንደዚህ ተገናኘን። ልቅሶ ቤት መስሎኝ ነበር የፈራሁት።

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ስለ እማዬም። ስለ ረቡዕ ጎድንም። ከማን ገዛህ አሉኝ። ነገርኳቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደተሳደበ ሰው አዩኝ።

“የእኔ ሥጋ ቢያርር እዚሁ ሆኜ ያመኛል። ስማ ወደይ።” ሰውን ሁሉ ወደይ ነው የሚሉት፤ በአገራቸው በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። “ለጥሬ ትኩስ፣ ለእሳት ያደረ። ይሄን እኔ አልነበረም የማውቀው። ወንድምህ ነው ያስተማረኝ። እኔ፣ ሠላሳ ዓመት በግ ያረድኩ፣ ከሻንጣ ተሸካሚ ተማርኩ!”

ጭነት ክፍል ነው አልኳቸው። ያው ነው አሉ።

ትምህርቱን ልጻፈው እንዳይጠፋኝ። ጎድኑ ከነአጥንቱ፣ ውፍረቱ ሁለት ጣት። የዳር ጮማው አይነሣም። በጉ ከአባዶ ገበሬዎች ቢሆን ይመረጣል፣ ሳር የበላ። ታርዶ አንድ ሌሊት ጥላ ቦታ ይሰቀላል። ከሰሉ ነበልባሉ እስኪያልቅና አመድ እስኪለብስ ይጠበቃል። ከዚያ እጅን ከላይ ዘርግቶ አባታችን ሆይ መድገም። መጀመሪያው ላይ እጅ ከሸሸ እሳቱ ገና ነው። እስከ እኩሌታው ካስደገመ ልክ ነው። እስከ መጨረሻው ካስደገመ ከሰል ጨምር።

ይሄን ሁሉ ፍሥሐ ከማን ተማረው አልኳቸው። አንገታቸውን አከኩ። ለሌላ ደንበኛ ኩላሊት መመዘን ጀመሩ። ያንን እናትህ በምትኖርበት ከተማ ውስጥ አላወራም አሉ።

ምንድን ነው?


እሑድ፣ ሚያዝያ 18። ከቀኑ 10

ጠዋት የቀበሌ ወጣቶች ስብሰባ። ለሜይ ዴይ ሰልፍ አሰላለፍ። እጄን ያወጣሁት ለመሽናት ነው፤ መፈክር ተሸካሚ አድርገው መዘገቡኝ።

ከሰዓት ጥብስ። የጋሽ ወልዱ ጎድን። እጄን ዘርግቼ አባታችን ሆይ ደገምኩ። እትዬ ብዙነሽ፣ ጎረቤታችን፣ በቆርቆሮው አጥር ላይ ብቅ አሉ። ይሄ ልጅ መነኮሰ ወይስ ለበጉ ፍትሐት እየደገመለት ነው አሉ። እኩሌታው ላይ ስለነበርኩ መልስ መስጠት አልቻልኩም።

ወጣ! ቡናማ፣ ዳሩ ኩርምት ያለ፣ ሲጫኑት የሚመለስ። አባዬ በላ። በጣም ጥሩ ነው አለ፣ ዛሬ ከልቡ። ከዚያ ቅንድቡን ሰበሰበ። “የጎደለ ነገር አለው። አላውቀውም ምን እንደሆነ። የሱ ውስጡ ድረስ ይጣፍጥ ነበር።”

እውነቱን ነው። የእኔ ከላይ ብቻ ነው የሚጣፍጠው።

የጥብስ ቅጠል ከሰሉ ላይ ጣል አደረግኩ፣ ፍሥሐ እንደሚያደርገው። ጭሱ ተነሣ። ያው ሽታ። ያው! ጃኬቱ እንደዚህ ነበር የሚሸተው። ቀና ስል እማዬ መስኮቱ ላይ ናት። አየችኝ። መስኮቱን ዘጋችው። ቀስ ብላ፣ ድምፅ እንዳይሰማ።

እትዬ ብዙነሽ ምን ሆንክ አሉኝ። ጭሱ ነው አልኳቸው። ጭሱ በሌላ በኩል እየሄደ ነበር።

ይቅርብኝ ይሆን?


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20። እረፍት ሰዓት፣ ክፍል ውስጥ

አይቀርም!

ፊዚክስ። አስተማሪው ሙቀት በስንት መንገድ ይተላለፋል አለ። ተነሣሁ። በሦስት፤ ብረቱ የነካው ቦታ መስመር ያወጣል፣ ከሥር የሚነሣው ትኩስ አየር ሆዱን ያበስላል፣ የፍሙ ቅላት ደግሞ ሳይነካው ጮማውን ያቀልጣል አልኩ። የማን ጮማ አለኝ። የበግ። ክፍሉ ፈረሰ። አስተማሪው ራሱ ወንበሩን ይዞ ሳቀ፣ ሙሉ ማርክ ሰጠኝ። ከዛሬ ጀምሮ ስሜ “ጎድን” ነው። ደስ ብሎኛል። ዓመቱን ሙሉ ስሜ “ወንድሙ የሞተበት” ነበር።


ዓርብ፣ ሚያዝያ 23። ከቀኑ 9፡30

ሰልፉ አለቀ። መፈክሬ ላይ ምን እንደተጻፈ እስካሁን አላውቅም፣ ጽሑፉ ወደ ፊት ነበር። መፈክሩን አስረክቤ በቀጥታ ጉርድ ሾላ።

ጋሽ ወልዱን ያዝኳቸው። ካልነገሩኝ አልሄድም አልኩ። በሩን መለስ አደረጉ። ደብተሬ፣ ቁጭ በይ።

አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራ አንድ ጀርመናዊ መካኒክ ነበር። ቦሌ ቪላ ውስጥ የሚኖር። ፍሥሐ ዕቃውን ሲያወጣለት ተዋወቁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጋብዘው ጀመር። ሰውዬው ለፈረንጆች ብቻ ከሚሸጥ ሥጋ ቤት ጎድን እየገዛ፣ ሌሊቱን ጨው ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ በነጋታው ይጠብሳል። ጨው፣ ትንሽ ስኳር፣ ድምብላል፣ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት። የጎደለው ነገር ይሄ ነው! ጨው ውኃው! ውስጡ ድረስ የሚገባው እሱ ነው!

ዘለልኩ። ጋሽ ወልዱ ግን አልዘለሉም።

“የምን ጎድን እንደሆነ አልጠየቅከኝም።”

የምን ጎድን ነው አልኳቸው። በሩን እንደገና አዩ። ወደ ጆሮዬ መጡ።

የአሳማ።

ደብተሬ፣ ቃሉን ጻፍኩት፣ እጄ አልደረቀም።

በላ ወይ አልኳቸው። ያላየሁትን አልመሰክርም አሉ፣ እሳቱን ሲይዝለት ግን ነበር አሉ። ይሄም አላበቃም። ጀርመኑ ሥራውን ጨርሶ አገሩ ሲገባ ለፍሥሐ ስጦታ ትቶለታል። ግማሽ በርሜል። አራት የብረት እግር የተበየደለት።

በርሜሉ የጀርመኑ ነው። በርሜሉ አሳማ የተጠበሰበት ነው። ሦስት ልደታ ሙሉ ሰፈር በልቶበታል! እማዬ በልታበታለች! ሰኔ ማርያምን የማታጎድል፣ ስታልፍ አሳማ ያየች እንደሆነ ምራቋን የምትተፋ እማዬ!

ጋሽ ወልዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ለማንም እንዳልናገር ወንድምህ አደራ ብሎኝ ነበር አሉ። ለልደታ ጎድኑን ከእኔ ውሰድ፣ የምመርጥልህ እኔ ነኝ አሉ።

መንገዱን ሙሉ አንዴ እስቃለሁ፣ አንዴ ያልበኛል።


ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 24። ከጠዋቱ 5

በርሜሉን አጠብኩ። በአሸዋ። በአመድ። በሎሚ። በፈላ ውኃ። ከዚያ በኦሞ፣ ከዚያ ኦሞው እንዳይሸት እንደገና በሎሚ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ከእማዬ የጠበል ጠርሙስ ትንሽ። በጣም ትንሽ። አፈርኩ፣ ግን ረጨሁ።

እትዬ ብዙነሽ አጥሩ ላይ ናቸው። ልትድረው ነው እንዴ አሉኝ፣ ሙሽራ እንኳ እንዲህ አይታጠብ።

እማዬ ብቅ አለች። በርሜሉን አየች። እኔን አየች። ለምንድን ነው ሦስቴ የምታጥበው አለች። ዝጎ ነው አልኳት። ዝገት በጠበል አይለቅም አለችና ገባች።

ጠርሙሱን አይታለች ማለት ነው!

ሁለት መንገድ አለኝ። ብነግራት ሥጋ ቀርቶ ደጅ አትወጣም። ባልነግራት ደግሞ እያወቅሁ በዚህ በርሜል ላበላት ነው። ፍሥሐ እንዴት ቻለው? እየሳቀ ነበር እኮ የሚያጎርሳት።


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 27። ከቀኑ 8

አስተማሪዎቹ ስብሰባ ናቸው፣ ት/ቤት የለም። ትናንት ማታ አንድ ባልዲ ጨው ውኃ፣ ስድስት ጎድን። ስኳሩን ከእማዬ ቆርቆሮ ሰረቅሁ፤ የቀበሌ ሱቅ የዚህን ወር ስኳር ገና አላመጣም፣ ሁለት ማንኪያ ብቻ። ጠበል፣ ስኳር፤ ወንጀሌ እየበዛ ነው።

እሳት። አባታችን ሆይ። እኩሌታው። ጎድን።

አባዬ ለምሳ ገባ። ነከሰ። ማኘኩን አቆመ። አጥንቱን ይዞ ተነሣና ወደ ጓሮ ሄደ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ግድግዳውን አየ። ተመለሰ። “ይሄ የሱ ነው” አለ። አምስት በላ። አምስት! እኔ አንዱን ብቻ አገኘሁ፣ እሱንም ሊሻማኝ ነበር።

ውስጡ ድረስ ይጣፍጣል። ፍሥሐ፣ አገኘሁት!

ደስታዬ ግን ሙሉ አይደለም። ልነግራት ነው። ልደታ ሳይገባ።


ዓርብ፣ ሚያዝያ 30። ከምሽቱ 1

ዛሬ ጋሽ ወልዱ ሃያ አራት ጎድን አስያዙኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ አዋጥቶ ነው። ምርጥ ምርጡን። ባልዲ ውስጥ ነው አሁን።

እማዬ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጥቁር ቀሚሷ ላይ ምስሩ ይታያል፣ ቀይ ቀይ። አንድ ነገር ልነግርሽ ነው አልኩ። በአንድ ትንፋሽ አወጣሁት። ጀርመኑን፣ ጨው ውኃውን፣ አሳማውን፣ በርሜሉን። ጠበሉን። ስኳሩን ጭምር። ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ።

ምንም የለም። ዓይኔን ገለጥኩ። ሰፌዱ እየተንቀጠቀጠ ነው። ምስሩ ይፈስሳል። እማዬ እየሳቀች ነው!

ድምፅ የሌለው ሳቅ። ከዚያ ድምፅ ያለው። አባዬ ጋዜጣውን ይዞ ሮጦ መጣ፣ የምታለቅስ መስሎት። ሻርፗን አፏ ውስጥ ከትታ ትስቃለች።

ታውቅ ነበር! ከመጀመሪያው ቀን! ፍሥሐ በርሜሉን ያመጣ ለት ውሸቱ ግማሽ ሰዓት አልቆየም አለች። “ራሴ ሠራሁት አለኝ። ሚስማር መምታት የማያውቅ ልጅ ብየዳ ተማረ? ጆሮውን ያዝኩት፣ ሁሉን ተፋ።” በልቶ ነበር ወይ አልኳት። “አንዴ ሳላውቅ ነው የበላሁት አለኝ። ሁለተኛውንስ ስለው ዝም።” እየጎተተች የነፍስ አባታችን ዘንድ ወሰደችው። አርባ ስግደት ተሰጠው። ጓሮ ሲሰግድ በመስኮት ትቆጥርለት ነበር፣ ከሃያ ወደ ሠላሳ ዘለለ፣ ከሃያ አንድ አስጀመረችው። በርሜሉንም ቄሱ መጥተው ጸሎት አድርሰውበታል፤ ብረት በእሳት ካለፈ ነጽቷል፣ አሁን እንግዲህ ለበግ ይሁን ብለው። ያን ለት የመጀመሪያውን ጎድንም የበሉት እሳቸው ናቸው።

ስኳሯንም ታውቃለች። በየልደታው ዋዜማ ሁለት ማንኪያ እንደሚጎድል።

ስቀን ስቀን ሳቁ አለቀ። ያኔ ጠየቅኳት። ታዲያ ለምን አትበይም?

ምስሩን ከወለሉ መልቀም ጀመረች። እየለቀመች ነገረችኝ። ፍሥሐ ሆስፒታል እያለ ጎድን አምሮት ነበር። አንዲት ብቻ እማዬ ብሏት ነበር። ሐኪሙ ጮማ እንዳይነካ ስላለ ከለከለችው። ስትድን አለችው። “ሲድን አበላዋለሁ ብዬ” አለች። “ልጄን ከልክዬ እኔ እንዴት ልዋጠው?”

ምስሩን አብረን ለቀምን። እያንዳንዷን።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 1። ልደታ። ከምሽቱ 12፡30

እጄ ጭስ ጭስ ይላል። በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ እንዳልዘል።

ከሰዓት ጀምሮ መንገዱ ዳር ሁሉም ወጣ። ንፍሮው በትልቅ ብረት ድስት። እትዬ ብዙነሽ አለቃ። የቀበሌያችን ሊቀመንበርም መጡ፤ ልደታ ኋላቀር ልማድ ነው ይላሉ በስብሰባ ላይ፣ ጎድን ሲሸት ግን ከሁሉ በፊት ወንበር ይዘው ይገኛሉ። ጋሽ ወልዱ ከጉርድ ሾላ ድረስ፣ ሽርጥ የለ፣ ኮት ለብሰው! ሥጋዬን ልጠብቅ ነው የመጣሁት አሉ።

በርሜሉን ጎተትኩ። የፍሥሐን አመድ ከአጥሩ ሥር አምጥቼ ከሥር አነጠፍኩት፣ ከሰሉን በላዩ።

እማዬ ከቤት አልወጣችም። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ሐዘንተኛ ናት፣ ማንም አልጠራትም። ሁሉም ግን በየመሐሉ በሩን ያያል።

እጄን ዘረጋሁ። አባታችን ሆይ። ጎረቤቱ ሁሉ አብሮኝ ደገመ፣ ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኩሌታው ላይ እጄን አነሣሁ። ልክ ነው! ጎድኖቹ ገቡ። ጮማው ተንቻቻ። የጥብስ ቅጠል።

የመጀመሪያው ጎድን ወጣ። በእንጀራ ቁራሽ ያዝኩት። ሄድኩ። በሩ ጋ ስደርስ እማዬ ከውስጥ ቆማለች፣ ደፉ ላይ። እሷ በወዲያ፣ እኔ በወዲህ። የልደታ ምግብ ወደ ውስጥ አይገባም። አንድ እርምጃ ብራመድ ማጉረስ እችላለሁ፣ ግን አይሆንም። እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ጮማው ክርኔ ድረስ ወረደ። ያቃጥላል። አልተንቀሳቀስኩም።

ከኋላዬ እትዬ ብዙነሽ ጮኹ። “አልማዝ! ልጁ እጁ ጎድን ሆኖ ሳይጠበስ ውጪ!”

አንድ ሰው ሳቀ። እማዬ እግሬን አየች። ደፉን አየች። ነጠላዋን ሰበሰበችና ተሻገረች።

ጎድኑን ከእጄ ወሰደች። መጀመሪያ ወደ እኔ አፍ አመጣችው። “ይቺ የሱ ናት። አንተ ብላለት” አለች። ነከስኩ። አጥንቱን ወደ ራሷ መለሰችው። ነከሰች።

ጋሽ ወልዱ ኮፍያቸውን አውልቀዋል። እማዬ ታኝካለች። ዋጠች። አፏን በነጠላዋ ጠረገች። አየችኝ።

“ጨው በዛበት” አለች።

ደብተሬ፣ እልልታውን መጻፍ አልችልም። እትዬ ብዙነሽ ማማሰያቸውን ይዘው ጨፈሩ። አባዬ ክራቫቱን ፈታ፤ ደጅ ላይ፣ በሰው ፊት፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጋሽ ወልዱ ጨው የበዛው በልጁ ነው እንጂ በሥጋዬ አይደለም እያሉ ይምላሉ።

እማዬ ሦስት በላች። ቆጥሬያለሁ።

ዕቃው፦ ጎድን። ከየት፦ ከፍሥሐ። ወዴት፦ ለእማዬ። ክብደቱን እተወዋለሁ።


እሑድ፣ ግንቦት 2። ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እማዬ ወሰነች። ማንንም አላማከረችም።

ለፍሥሐ ሙት ዓመት ወጡ እንደ ወጉ ይሠራል። ግን ቄሶቹና ድሆቹ ከበሉ በኋላ በርሜሉ ይወጣል። ጎድን አማረኝ ያለ ሰው በዚያ ቀን ከደጃችን እንዳይመለስ። ጥቁሩንም ያን ለት ታወልቃለች። አባዬ ሰው ምን ይላል አለ። ሰው ይበላል አለችው።

ጨው ውኃውን ከእንግዲህ የምትለካው እሷ ናት። በእኔ እጅ አትተማመንም፣ በፍሥሐም አትተማመንም ነበር። በጉንም ራሷ ልትመርጥ ጉርድ ሾላ እንሄዳለን፣ አሁን። ጋሽ ወልዱ መከራቸውን ሊያዩ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆማለች፣ ጻፍ ጻፍ የሚልህ ማነው ትለኛለች፣ በጉ ይሸጥብናል እኮ ትለኛለች፣ ተነሥ ጎድን ትለ

ማን ነገራት ይሄን ስም? መጣሁ እማዬ፣ መጣ